«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ አለቅሳለሁ

የነሐሴ አራስ
ጥቅምት 14፣ ከሌሊቱ 9፡20

ይህን የምጽፈው ልጄን አጥብቼ፣ ባለቤቴ ተኝቶ፣ የስልኬን ብርሃን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ነው። ነሐሴ 22 ሴት ልጅ ተገላገልኩ። የመጀመሪያዬ ናት። ምጡ ረጅም ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም። ልጄ ጤነኛ ናት፣ ትጠባለች፣ ክብደቷም እየጨመረ ነው። ባለቤቴ አይጠጣም፣ አይቆጣም። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እስከ መስቀል አርሳኛለች። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የዶሮው ሾርባ ምንም አልጎደለብኝም። እንግዲህ ለሚሰማኝ ነገር ሰበብ የለኝም ማለት ነው፤ ያሳፈረኝም ይኸው ነው።

ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይለኛል። አሜን እላለሁ። በልቤ ግን «እኔን ገና አልማረችኝም» እላለሁ፤ ከዚያ ዕንባዬ ይመጣል፤ እነሱም የደስታ ይመስላቸዋል። ሴቶቹ ቤቱን ሞልተው ሲሥቁ፣ ገንፎው መሃል ያለው ቅቤ ሲረጋ እያየሁ ማንኪያውን ማንሣት ያቅተኛል። ልጄ ስትተኛ እኔ አልተኛም። ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ የምመልሰው ስለማጣ እናደድበታለሁ።

ለማንም ያልተናገርኩት ደግሞ ይህ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ልጄን በአንድ እጄ ታቅፌ በረንዳ ላይ ልብሷን ሳሰጣ ከእጄ ስትወድቅ ታየኝ። አልወደቀችም፤ ግን ልክ እንደ ወደቀች አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ መጣብኝ፤ አንዳንዴ የምጥላት እኔው ነኝ። በረንዳውን ቆለፍኩና ቁልፉን የበርበሬ ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። ልብሷን አሁን የማሰጣው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ አይደርቅም፣ ይሸታል። ባለቤቴ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ውጭ ነፋስ ይመታታል» አልኩት። አመነኝ።

ጥቅምት 2 ለ45 ቀን ክትባቷ ወሰድኳት። መዘኗት፣ ወጓት፣ ካርዷን ሞሉ። «አንቺስ?» የሚል ሰው ቢገኝ እዚያው ወንበሩ ላይ እዘረግፈው ነበር። «ቀጣይ!» ተባለና ወጣሁ።

ከእናንተ መካከል እንዲህ የሆነ አለ? ወይስ እኔ ክፉ እናት ነኝ?


የስምንት ልጆች እናት
ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 2፡05

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ነገር ግን ልቆጣሽ ነው። እኔ ስምንት ወልጃለሁ፤ ሦስቱን ያለ ሐኪም፣ አንዱን እንጨት ለቅሜ ስመለስ መንገድ ላይ። ድብርት የሚባል ነገር ለማሰብ ጊዜም አልነበረኝም። የአሁን ልጆች ብቻችሁን ተዘግታችሁ ስልክ ስለምታዩ ነው። ስልኩን ጣዪው፣ ገንፎሽን ብዪ፣ ውዳሴ ማርያም ድገሚ። ያልፋል።


አዋላጅ ነርስ
ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 4፡30

የነሐሴ አራስ፣ መጀመሪያ ለጥያቄሽ መልስ፦ ክፉ እናት አይደለሽም። አሥራ አንድ ዓመት አዋልጃለሁ። ከጻፍሽው ውስጥ ከእናቶች አፍ ያልሰማሁት የበርበሬውን ዕቃ ብቻ ነው።

በስልክ ሰው አይመረመርም፤ ቢሆንም የማውቀውን ያህል ልንገርሽ። ከወለዱ እናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ገደማ ሆደ ባሻ ይሆናሉ። በሆነው ባልሆነው ያለቅሳሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይሥቃሉ። እሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ ለእሱ ገንፎና ዘመድ ያለበት ቤት ይበቃል። አንቺ ግን ስምንተኛ ሳምንትሽን ይዘሻል። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጅ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል። በሽታ ነው። ይታከማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከወለዱ መቶ እናቶች 13 ያህሉን የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድብርት ይይዛቸዋል፤ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 ይጠጋል። አሥር አራሶች የተኙበት ክፍል ውስጥ ስገባ ሁለቷ የትኞቹ ናቸው እያልኩ ነው የማያቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ያለችው ናት።

ሰበብ የለኝም ብለሻል። የእንግዴ ልጁ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከፍ ብሎ የኖረው የሆርሞን መጠን ቁልቁል ይወርዳል። እንቅልፍ ማጣት ይጨመርበታል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ተመሳሳይ ድካምና ድብርት ያመጣሉ፤ ስለዚህ ስትሄጂ ደምሽን እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ባል ደግ ስለሆነ፣ እናት ስላረሰች የሚቀር ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር።

የበረንዳው ነገር። እንዲህ ያለ ሳይጠሩት የሚመጣ ሥዕል ብዙ እናቶችን ያስጨንቃል፤ ቢላዋ ሲያዩ፣ ልጁን ሲያጥቡ፣ ደረጃ ሲወርዱ። የማይናገሩት እብድ እንዳይባሉ ነው። አንቺን ያስደነግጥሻል፣ ያሳፍርሻል፣ ትሸሺዋለሽ። ልጇን ልትጎዳ የምትፈልግ ሴት ቁልፍ አትደብቅም። ነገር ግን አጥብቀሽ ስሚኝ፦ ሐሳቡ ማስፈራቱን ትቶ ትክክል መስሎ ከታየሽ፣ «አድርጊው» የሚል ድምፅ ከሰማሽ፣ ልጅሽ የተለወጠች ወይም የተረገመች ከመሰለሽ፣ ሳትተኚ ቀናት እያለፉ ኃይልሽ ከጨመረ፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው። በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፤ ይንጋ አይባልም።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅሽ። መሞት ያምርሻል? ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?


የነሐሴ አራስ
ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 7፡10

መሞት አልፈልግም። ብተኛና ባልነቃ ግን እላለሁ። ይህንን ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ።


አዋላጅ ነርስ
ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 7፡18

ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህንኑ ቃል ሳትቀንሺ ለሐኪሙ ትነግሪዋለሽ። ለባለቤትሽ ደግሞ ዛሬ ማታ። ነገ አትበዪ። ዛሬና ነገ ብቻሽን ባትውዪ ይሻላል፤ እህት ካለሽ ጥሪያት። ሐሳቡ መጥቶ ከመሄድ ካለፈ፣ ማለት እንዴት አድርጌ ብለሽ ማሰብ ከጀመርሽ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። ሰው አማኑኤል የሚለውን የአእምሮ ሆስፒታል ስም ስለሚፈራ ቤት ይቀመጣል፤ የአእምሮ ጤና ክፍል ግን በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም አለ። ካርድ የምታወጪው እንደ ማንኛውም ታካሚ ነው።


ዘጠነኛው ቀን
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 2፡45

እኔ ወንድ ነኝ፤ ይህን ውይይት ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አዋላጇ «ሌላ በሽታ» ያለችውን በቤቴ አይቼዋለሁ።

ባለቤቴ በወለደች በሰባተኛው ቀን እንቅልፍ ተዋት። በሌሊት ተነሥታ ቁምሳጥን ታጸዳለች፣ ዕቃ ትደረድራለች፣ ፍጥነት ባለው አነጋገር ታወራለች። እኛም «ጠንካራ አራስ!» እያልን አመሰገንናት። የአባት ፈቃድ በአዋጅ 1156/2011 ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፤ ስለዚህ በዘጠነኛው ቀን እኔ ቢሮ ነበርኩ። ስልክ ተደወለልኝ። ስደርስ ልጁን አልጋው ላይ አስቀምጣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። «ይህ የእኔ ልጅ አይደለም፤ ሆስፒታል ውስጥ ለውጠውታል» አለችኝ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። እስካሁን የሚያስፈራኝ መረጋጋቷ ነው።

ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ብቻዋን ስለተተወች ነው፣ ከራስጌዋ ብረት አልነበረም፣ ጠላት ነው ተባለ። ጸበል ወሰድናት፤ ሦስት ሳምንት። መጠጣት ስላቆመች ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ልጁ አክስቴ ዘንድ በጣሳ ወተት አደገ። በመጨረሻ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤታችን መጥታ ተቆጣችንና ባለቤቴ ሆስፒታል ገባች። በአሥር ቀን ውስጥ ስሜን ጠርታ «ልጄስ?» አለች። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ማን ይመልስልኛል?

ሐኪሙ እንደነገረኝ ይህ ከሺህ ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን ነው የሚይዘው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይጀምራል፤ በሚቀጥለው ወሊድ ሊመለስም ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛውን ስትፀንስ ቀድመን ተዘጋጀን። የማታ መድኃኒቷ ተወሰነ፣ ሌሊት ልጁን የምይዘው እኔ እንድሆን ተወሰነ፣ ያልተጠቀምኩበትን የዓመት ፈቃዴን ለዚያ አስቀመጥኩ። ደኅና ወለደች። ልጆቹ አሁን አንዱ አምስት ዓመቱ ነው፣ ሌላዋ ሁለት።


ሐና ከመርካቶ
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሜ፣ በጸበል ላይ እንዲህ መናገር አይገባም። እኔ በጸበል ድኛለሁ።


ዘጠነኛው ቀን
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 3፡52

እህቴ፣ እኔም በጸበል አምናለሁ፤ አሁንም እንሄዳለን። የተቆጣሁት በራሴ ነው። እግሯ ቢሰበር ኖሮ ጸበሉንም ጀሶውንም አደርግላት ነበር። አእምሮዋ ሲሆን ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ያለኝ ማንም ሳይኖር መረጥኩ።


ከሜሪላንድ
ጥቅምት 15፣ ከሌሊቱ 8፡00

እዚህ ደግሞ ሌላ ነው። ጠያቂ የለም። እናቴ በቪዛ መጥታ አርሳኝ ተመለሰች፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቼ መኪና ውስጥ ስገባ ቤቱ ባዶ መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ባለቤቴ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፣ እኔ ልጁ እንዳይቀሰቅሰው መኪና ውስጥ ይዤው እቀመጣለሁ። በክረምት።

የልጁ ሐኪም ዘንድ በሄድኩ ቁጥር አሥር ጥያቄ ያለበት ወረቀት ይሰጡኛል። ሁሉንም «ደኅና» እያልኩ ሞላሁ። ለምን? እውነቱን ከጻፍሽ ልጅሽን ይወስዱብሻል ሲባል ሰምቼ ነበር። አራት ወር ዋሸሁ። አንድ ቀን ነርሷ ወረቀቱን አየችና ፊቴን አየች፤ ወረቀቱን አጥፋ «አሁን አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ። ልጄን ማንም አልወሰደብኝም። የወሰዱኝ ወደ ሕክምና ነው።

አንድ ምክር ለውጭ ነዋሪዎች፦ አስተርጓሚ ይምጣልሽ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው እንዳይሆን ፈርቼ ነው። በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ከተማ የሆነ መጠየቅ እንደሚቻል አላወቅሁም ነበር። ይቻላል። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ለነፍሰ ጡሮችና ለወላዶች ብቻ የተከፈተ ነፃ መስመር አለ፤ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራ፣ ሃያ አራት ሰዓት፦ 1-833-852-6262። «አማርኛ» በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኛሉ።


አዋላጅ ነርስ
ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 3፡15

ያ ወረቀት የኤድንበራ መጠይቅ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። ያለፉትን ሰባት ቀናት ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ ሥቀሽ ታውቂያለሽ? ያለ ምክንያት ራስሽን ወቅሰሻል? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል። አሥረኛው ራስን ስለመጉዳት ነው፤ ሌላው ሁሉ ዜሮ ቢሆን እንኳ እሱ ላይ ምልክት ካለ ዝም አይባልም።

ተርጉመውት አዲስ አበባ ውስጥ በእናቶች ላይ ተሞክሮ በደንብ ሠርቷል። ቡታጅራ ገጠር ሲሞከር ግን ያን ያህል አልሆነም። እኔ አልገረመኝም። የገጠር እናት «ራስሽን ትወቅሻለሽ?» ስትባል ግራ ገብቷት ታይሻለች። «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እህል አይወርድልኝም» ትላለች። አምስት ጊዜ የራስ ምታት ኪኒን ከተሰጣት በኋላ ነው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያናግራት። ስለዚህ ባለሙያዎች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ አራስ ሁለት ጊዜ ለራስ ምታት ከተመላለሰች ስለ እንቅልፏና ስለ ልቧ ጠይቋት።


ቤርሼባ
ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 6፡40

እኛ ዘንድ በእስራኤል ጢፓት ሐላብ፣ ማለት የእናቶችና የሕፃናት ጣቢያ፣ ነርሷ ያንኑ መጠይቅ ታስሞላለች። አያቴ ጎንደር እያሉ የቤተ እስራኤል ወላድ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን የአራስ ጎጆ ትገባ እንደነበር ትነግረናለች። ልጆቹ በሥርዓቱ ያፍራሉ፤ አያቴ ግን «በሕይወቴ ያረፍኩት ያኔ ብቻ ነው፤ ምግብ ከደጅ ይቀመጥልኛል፣ እንጀራ ጋግሪ የሚለኝ የለም» ትላለች። እዚህ ጎጆውም ቀረ፣ ዕረፍቱም አብሮ ቀረ። እኔ በስድስተኛው ሳምንት ፋብሪካ ለመመለስ ወረፋ ስይዝ አለቀስኩ።


ደስ ይበልሽ
ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 9፡00

ቡና አፍልተሽ ጎረቤት ጥሪ፣ ይለቅሻል።


ከሜሪላንድ
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 1፡20

ደስ ይበልሽ፣ ጎረቤቶቿ ቤቷን ሞልተው ሲሥቁ ቅቤው ሲረጋ ታያለች ብላ ጽፋለች እኮ። አንብቢ።


የስምንት ልጆች እናት
ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 1፡30

ሌሊቱን አልተኛሁም። ያ ወንድ ልጅ የጻፈው አንድ ነገር አስታወሰኝ።

የአጎቴ ልጅ ነበረች፣ አብረን ያደግን። በደርግ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛ ልጇን በወለደች በወሯ ዝም አለች። አትቆጣ፣ አታለቅስ፣ ዝም። ጡቷ እየፈሰሰ ልጁ ሲያለቅስ እሷ ምሰሶውን ታያለች። ዛር ነው ተባለ። ከበሮ ተመታ፣ ጥቁር ዶሮ ታረደ። ልጁን ተራ በተራ የምናጠባው እኛ ነበርን፤ እኔም አጥብቼዋለሁ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። እሷ ዓመት ፈጅቶባት ተመለሰች፤ እንደ ድሮዋ ግን አልሆነችም። ስሟን «ሰነፍ» ብለን ነበር የምንጠራት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

በእኛ ጊዜ አልነበረም ያልኩትን አንሥቻለሁ። ገንፎሽን ብዪ ያልኩትን ግን አላነሣም። ሰው አስጠግተሽ ሌሊት አራት አምስት ሰዓት ሳትነሺ ተኚ፤ እኛ የአጎቴን ልጅ ያዳንናት እሱን ባደረግንላት ቀን ይመስለኛል።


የነሐሴ አራስ
ኅዳር 2፣ ከቀኑ 8፡00

ጠፍቼ ይቅርታ። ስንት ሰው በግል እንደጻፈልኝ ብነግራችሁ አታምኑም።

ጥቅምት 14 ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። በአፌ መጀመር አቃተኝ። ቁልፉን ከበርበሬው ውስጥ አውጥቼ እጁ ላይ አደረግኩለት። መጀመሪያ አስነጠሰው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ «ባልነቃ» የሚለውንም። ብዙ አልተናገረም፤ ቁልፉን ይዞ ቁጭ ብሎ አደረ። በማግሥቱ እህቴ መጣች፣ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በረንዳውን ስነግራት ብዕሯ አልቆመም፤ «ሌላስ ምን ይታይሻል?» አለችኝ፣ የሆድ ቁርጠት እንደምትጠይቅ። ያ ብቻ ግማሽ ሸክም አወረደልኝ። የደም ማነስ ተገኘብኝ። ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት ጀመርኩ፤ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ እያጠባሁ ነው የምወስደው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከአማካሪ ጋር እነጋገራለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ማቅለሽለሽ ብቻ። ልተወው ብዬ ነበር። የሚሠራው በሳምንታት ነው፣ በራስሽ አታቋርጪ ስላሉኝ ቀጠልኩ። ሌሊት ከአራት እስከ ዘጠኝ ልጄን የሚይዛት ባለቤቴ ነው፤ ወተቴን አልቤ አስቀምጥለታለሁ። አማቴ «የታለበ ወተት ልጅ ያሳምማል» ብለው ተቆጥተው ነበር፤ ልጅቷ ስትወፍር አይተው ተዉት። የንስሐ አባቴን ጠይቄ «ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ» ብለውኛል።

ዳንኩ አልልም። ትናንት ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። ከትናንት ወዲያ ግን ልጄ ስታዛጋ አይቼ ሣቅሁ፤ ከሣቅሁ በኋላ ነው መሣቄ የገረመኝ። ሥዕሉ አሁንም ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። ልብሷን በረንዳ ላይ የሚያሰጣው ባለቤቴ ነው፤ እኔ ገና ነኝ። ኅዳር 7 ክርስትናዋ ነው። ድግሱ ትንሽ እንዲሆን ለመንኩ፤ እናቴ አኩርፋለች።


አዋላጅ ነርስ
ኅዳር 2፣ ከምሽቱ 12፡50

እንኳን ማርያም ማረችሽ።


አዲስ ገቢ
ኅዳር 20፣ ከሌሊቱ 10፡10

እኔ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ሁሉንም አነበብኩ። የነሐሴ አራስ፣ እባክሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ሕፃኗን ይዘሻት ነው ወይስ ቤት ትተሻት? የሚይዝልኝ ሰው የለም።


የነሐሴ አራስ
ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 12፡30

ይዣት ነው። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሺ፣ ወረፋው ረጅም ነው። ሦስት ዳይፐርና ለራስሽ የሚበላ ነገር ያዢ። ካርድ ክፍል ስትጠየቂ «አራስ ነኝ» በያቸው፤ እኔን አስቀድመውኛል። ከዚያ ስትወጪ ጻፊልኝ፣ ስልኬ አጠገቤ ነው።